ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ሆኖ ለክላሲካል ሙዚቃ ስኮላርሺፕ ውድድር ማመልከት፦ ደንቡን ከማንበብ እስከ ቪዲዮው መላክ

«ልጃችን ቫዮሊን ይጫወታል፤ አስተማሪው ለውጭ ስኮላርሺፕ ይወዳደር ብሎናል። ቪዲዮ ላኩ ይላሉ፤ ድሬዳዋ ላይ ስቱዲዮ የት እናገኛለን? በስልክ ቢቀዳስ ይቀበሉናል?» እያላችሁ የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ በዝርዝር አስፍረነዋል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ስቱዲዮ አያስፈልግም። ደንቡ ካልከለከለ ደህና በሆነ ስልክ፣ ጸጥ ባለ ክፍል የተቀዳ ቪዲዮ ይበቃል። ግን በመጀመሪያው ዙር ዳኞቹ የሚያውቋችሁ በዚያ ቪዲዮና በሞላችሁት ፎርም ብቻ ነው። ከበስተኋላ የሚጮህ ቬንትሌተር፣ የተሳሳተ የልደት ቀን ወይም የማይከፈት ሊንክ ጎበዝ ተጫዋችን ከውድድር ያስወጣል። እነዚህን ለመከላከል ጊዜና ጥንቃቄ እንጂ ተሰጥኦ አይጠየቅም። ስለዚህ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ቢያንስ 10 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በ1080ፒ ጥራት የሚቀዳና ቢያንስ 10 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ስልክ። በዚህ ጥራት አንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይይዛል። የ12 ደቂቃ ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ወደ 5 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል፤ ስልኩ መሃል ላይ «ቦታ የለም» ብሎ እንዲቆም አትፈልጉም።
- ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ)። በእጅ የተያዘ ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ የያዘው ሰው ትንፋሽም ይሰማል።
- በሽቦ የሚሰካ ኤርፎን፣ ለማዳመጫ።
- ቲዩነር (ቅኝት መለኪያ) እና ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ)። የስልክ አፕ ይበቃል፤ የምትቀዱበት ስልክ ላይ ግን አይሁን።
- ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ምንጣፍ።
- ትርፍ ዕቃ፦ ለቫዮሊን በተለይ ቀጭኗ የኢ ክር፣ ለክላሪኔት አስቀድማችሁ የተጫወታችሁባቸው ሦስት ሪዶች (አፉ ላይ የሚታሰሩት ቀጫጭን ሸምበቆዎች)።
- ፓወር ባንክ፣ እና ለመጫን ብቻ የሚሆን ከ3 ጊጋባይት ያላነሰ ዳታ።
- ካላችሁ ለብቻው የሚሠራ ድምፅ መቅጃ ወይም ስልኩ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን። ግዴታ አይደለም።

አሠራሩ

1. ደንቡን አትማችሁ በእስክሪብቶ እያሰመራችሁ አንብቡ

በስልክ ስክሪን ላይ ተነክቶ የታለፈ ደንብ አልተነበበም ማለት ነው። አትሙትና የሚከተሉትን ፈልጋችሁ አስምሩባቸው፦ የዕድሜ ገደቡ በየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፤ የፕሮግራሙ ርዝመት፤ በቃል መጫወት ግዴታ መሆኑን፤ አጃቢ ያስፈልግ እንደሆነ፤ ቪዲዮው ከተቀዳ ስንት ወር ድረስ ተቀባይነት እንዳለው፤ ሁሉም ሥራዎች ሳይቋረጡ በአንድ ቅጂ መሆን አለባቸው ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ይቻላል የሚለውን።

ስኮላርሺፑ ምን ምን እንደሚሸፍንም ለይታችሁ ጻፉ። አንዳንዱ የትምህርት ክፍያን ብቻ ይሸፍናል፤ ኪራይ፣ ምግብ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛና ኢንሹራንስ በራሳችሁ ይሆናል። ይህን ካሸነፉ በኋላ ማወቅ ቤተሰብን ያስጨንቃል።

የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ወይም በዩሮ ከተጠየቀ፣ ከዚህ ለመክፈል እንደሚያስቸግር ገልጻችሁ ክፍያው እንዲነሳላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። አራት መስመር ይበቃል፦ ስም፣ መሣሪያ፣ የምትኖሩበት ከተማ፣ ጥያቄው። አዘጋጆቹ መልስ የሚሰጡበት ጊዜ እንዲኖራቸው በመጀመሪያው ሳምንት ላኩት፤ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጣ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ጊዜው ያልፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የዳኞቹ ስም የማይታወቅ፣ ሙሉ ደንብ የሌለው፣ ያለፉ አሸናፊዎቹን የማይገልጽ፣ ወይም «ተመርጣችኋል፤ ቦታ ለመያዝ ክፈሉ» የሚል ውድድር ከመጣባችሁ ገንዘብም የፓስፖርት ፎቶም አትላኩ።

2. የልደት ቀንንና ስምን አስተካክሉ

የዕድሜ ገደቡ የሚቆጠረው በአዘጋጆቹ፣ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው የልደት ዓመቱ ላይ 7 ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። «ልዩነቱ 8 ዓመት ነው» ብሎ በደፈናው መደመር በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል የተወለደን ልጅ ዕድሜ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ለምሳሌ መስከረም 5 ቀን 2000 የተወለደ ልጅ በእነሱ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 ነው፤ ጥር 10 ቀን 2000 የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2008። ወሩንና ቀኑንም መቀየሪያ አፕ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ። ፎርሙ ላይ ወር ይቅደም ቀን ይቅደምም ተመልከቱ፤ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ አውሮፓውያን ቀኑን።

ስም ላይ ያለው ችግር የአያት ስም ነው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ሲል ፓስፖርቱ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን ያንኑ አስገቡ። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ላይ የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከተለያየ ከሁሉም በፊት ይህን አስተካክሉ። አንድ ፊደል የተለየበት ስም እንደ ሌላ ሰው ይቆጠራል። ፓስፖርት ከሌላችሁ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ጀምሩ።

3. የምትጫወቱትን ምረጡ

ብዙዎቹ ውድድሮች ከተለያየ ዘመን የተወሰዱ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ይፈልጋሉ። ዋናው የምርጫ መመዘኛ ይህ ይሁን፦ ዛሬ፣ በሙሉ ፍጥነቱ፣ ሳትቆሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጫወት የምትችሉት ሥራ። ገና በግማሽ ፍጥነት የምትለማመዱት ትልቅ ኮንቼርቶ ለውድድር አይሆንም፤ ዳኛው የሚሰማው የሥራውን ክብደት ሳይሆን የእጃችሁን መደናገር ነው።

በከተሞቻችን ክላሲካል የሚያጅብ ፒያኒስት ማግኘት ስለሚያስቸግር ያለ አጃቢ የተጻፉ ሥራዎችን አስቡ። ለቫዮሊን የባህ ስድስቱ የብቸኛ ቫዮሊን ሶናታዎችና ፓርቲታዎች፣ ለቼሎ ስድስቱ ሱዊቶች፣ ለፍሉትም ሆነ ለቫዮሊን የቴለማን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ፋንታዚያዎች አሉ። ከቴለማን ውስጥ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪ የሚሆኑም ይገኛሉ። ከስፒከር በሚወጣ አጃቢ ድምፅ መጫወትን ደንቡ በግልጽ ካልፈቀደ አትሞክሩት።

ፕሮግራሙን በሥራዎቹ መካከል ያለውን ዕረፍት ጨምራችሁ በሰዓት ለኩ፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት። ገደቡ 12 ደቂቃ ከሆነ 11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ገደማ ላይ የሚያልቅ ይሁን፤ በቀረጻ ቀን ፍጥነት ይለዋወጣልና።

ፎርሙ ላይ የሥራውን ስም አሟልታችሁ ጻፉ፦ አቀናባሪ፣ የሥራው ርዕስ፣ ቁልፉ፣ የሥራ ቁጥሩ፣ ክፍሉ። «ባህ፣ ፓርቲታ» ብቻ በቂ አይደለም። «ዮሐን ሴባስቲያን ባህ፣ ፓርቲታ ቁጥር 2 በዲ ማይነር ለብቸኛ ቫዮሊን፣ ቢደብሊውቪ 1004፣ አልማንዳ» ሲሆን ዳኛው ትክክለኛውን ኖታ አውጥቶ ይከታተላል።

4. መሣሪያውን ለአየሩ አዘጋጁ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሞቃትና ደረቅ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ለእንጨት መሣሪያ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቫዮሊንና ቼሎ የሚወዱት የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። ከዚያ ሲወርድ እንጨቱ ይሸበሸባል፣ መቃኛዎቹ ይላላሉ፣ ስፌቱ (እንጨቶቹ የተጣበቁበት መስመር) ይከፈታል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ በጋለ ምስማር ብሱት፤ ውስጡ ስፖንጅ አድርጉ፤ ስፖንጁን አርጥባችሁ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨምቁት፤ ከዚያ መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ከእንጨቱ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በየሁለት ቀኑ አርጥቡት። እርጥብ ጨርቅ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ማድረግ ግን ቫርኒሹን ያበላሻል።

የቫዮሊኑን ጠርዝ ዙሪያውን በጣት አንጓ በቀስታ አንኳኩ። ድምፁ እየሞላ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ «ጭርር» ካለ ስፌቱ ተከፍቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የከፋው ስህተት ሱፐር ግሉ ማፍሰስ ነው። ቫዮሊን ባለሙያ መልሶ እንዲከፍተው ተብሎ በእንስሳ ሙጫ ነው የሚጣበቀው፤ ሱፐር ግሉ የገባበት ስፌት ዳግም ሲከፈት እንጨቱን ይዞ ይሰነጠቃል። ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

አዲስ ክር ከቀረጻው ከ7 እስከ 10 ቀን በፊት ግጠሙ፤ አዲስ ክር ይለጠጣል፣ ቅኝቱ አይቆምም። ከተጫወታችሁ በኋላ የቀስቱን ፀጉር አላሉት። መሣሪያውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለአሥር ደቂቃም አትተዉት፤ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ቀስቱ ፀጉር ላይ የሚቀባው ሮዚን ይቀልጣል። ከድሬዳዋ ሐረር ወይም በተቃራኒው ስትሄዱ ሚኒባሱ ጣራ ላይ አይጫን፤ እቅፍ ውስጥ ይሁን። ከደረሳችሁም በኋላ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት።

የትንፋሽ መሣሪያ ሙቀት ውስጥ ቅኝቱ ከፍ ይላል፤ ክር ግን ሲሞቅ ይላላል፤ ቅኝቱ ይወርዳል። ስለዚህ ፍሉትና ክላሪኔት የምትጫወቱ በቀረጻው ክፍል ሙቀት፣ አሥር ደቂቃ ከነፋችሁ በኋላ ተቃኙ፤ ከፍ ካለ መገጣጠሚያውን ትንሽ ሳብ አድርጉ። የቅኝት መነሻው ደንቡ ሌላ ካላለ ኤ 440 (ኤ የሚባለው ድምፅ በ440 ኸርዝ) ነው።

ፒያኒስቶች፦ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ከተፈቀደ 88 ቁልፍ ያለውና ቁልፉ ክብደት ያለው ይሁን። ካልተፈቀደ ደህና የተቃኘ ፒያኖ ወዳለበት ለመሄድ፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ ሁለት ሙሉ ቀን ያዙ፤ አንዱ ቀን ከፒያኖው ጋር ለመላመድ ብቻ ነው።

5. ክፍልና ሰዓት ምረጡ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አትቆጥቡ። አብዛኛው የድሬዳዋ ቤት ብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና ባዶ ጣራ ያለው ነው። ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ ፈጣን «ትርርር» የሚል ድምፅ ከተከተለ ድምፁ በሁለት ትይዩ ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ሁለቱንም መሸፈን አያስፈልግም፤ አንዱ ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ከእግራችሁ ሥር ምንጣፍ አንጥፉ፣ እንደገና አጨብጭቡ። «ትርርሩ» ሲጠፋ አቁሙ። ክፍሉን በፍራሽ ሞልታችሁ ድምፁን ካፈናችሁት የቫዮሊኑ ድምፅ ይደርቃል፤ ተጫዋቹም ድምፅ ለማውጣት ቀስቱን መጫን ይጀምራል።

ጀጎል ውስጥ ባህላዊ የሐረሪ ቤት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የውጭ ድምፅ ያግዳል። ግን ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ ያለው ምንጣፍና ትራስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሞሰብ ድምፅ ይመጥጣል፤ የክፍሉ ድምፅ ከደረቀባችሁ ትራሶቹን አውጡ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አጠገብ ከሆናችሁ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ስለሚገባ ቀረጻውን ሱቆቹ በሚዘጉበት ቀን አድርጉት።

ቀጥሎ የጸጥታ ፈተና አድርጉ። ስልኩን አስቀምጡና ሳትጫወቱ ሁለት ደቂቃ ቅዱ፤ ከዚያ በኤርፎን ስሙት። ጆሯችሁ የለመደው ሁሉ ይወጣል፦ ፍሪጁ፣ ሮቶው ሲሞላ፣ ባጃጁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ከሁሉም በላይ ቬንትሌተሩ። የቬንትሌተር ድምፅ ሙዚቃው ለስላሳ በሚሆንበት ቦታ ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ በኋላ በአፕ ልታጠፉት ብትሞክሩ ደግሞ የመሣሪያውንም ድምፅ ያበላሻል። ስለዚህ ክፍሉን እስከ ቀረጻው ድረስ በቬንትሌተር አቀዝቅዙ፤ ስትቀዱ አጥፉ፤ በየቅጂው መካከል መልሳችሁ አብሩ።

ሰዓቱስ? ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ የሱብሒ አዛን አለ፤ የዙህር አዛን ከቀኑ 6 ሰዓት ጥቂት አልፎ ይሆናል። በእሑድና በበዓላት ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ። በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሲዘጋና ሰው ጥላ ሲይዝ መንገዱ ጸጥ ቢልም ሙቀቱ የሚያይለው ያኔ ነው፤ እጅ ያልባል፣ ክር ይላላል። ለአብዛኛው ሰፈር የሚሻለው የሥራ ቀን ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ሙቀቱም ገና አልበረታም። በግንቦትና በሰኔ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ፤ ወይም ሐረር ዘመድ ካላችሁ ወደዚያ ውጡ። በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከሆናችሁ የዝናብ ቀን አትቅዱ።

ጎረቤትን አንድ ቀን ቀድማችሁ አናግሩ። «አቦ፣ ነገ ጠዋት ልጁ ለፈተና ይቀዳል፤ ከ3 እስከ 5 ቴፑን ቀነስ አድርጉልን» ካላችሁ ማንም እምቢ አይላችሁም።

6. ስልኩን አስቀምጡ

- አግድም አድርጉት፣ 1080ፒ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ መሃል ላይ የገባ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጠዋል።
- ከቫዮሊንና ከፍሉት ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ይራቅ፣ ቁመቱ በደረት ልክ። ቀርቦ የተቀመጠ ስልክ የቀስቱን መፋቅና የትንፋሹን ንፋስ ይይዛል።
- ቫዮሊን ተጫዋች ቀኝ ትከሻውን ትንሽ ወደ ካሜራው ያዙር፤ የድምፁ ቀዳዳዎች ያኔ ወደ ስልኩ ያያሉ። ሁለቱ እጆች፣ ፊትና ቀስቱ በሙሉ ርዝመቱ ከፍሬሙ እንዳይወጡ አረጋግጡ። ፒያኖ ከተጫዋቹ በስተቀኝ ሆኖ ይቀዳል፤ ቁልፎቹ፣ እጆቹና ፊቱ ይታዩ።
- መስኮት ከጀርባ አይሁን። የድሬዳዋ ፀሐይ ከኋላ ሲመጣ ተጫዋቹ ጥላ ብቻ ይሆናል። ብርሃኑ ከፊት ወይም ከጎን ይምጣ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭናችሁ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ካልተቆለፈ ቀስቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ይበራል፣ ይጨልማል።

አሁን የድምፅ ፈተና። ከፕሮግራሙ ውስጥ በጣም ጠንካራውን 20 ሰከንድ፣ ወዲያው በጣም ለስላሳውን 20 ሰከንድ ተጫውታችሁ ስሙት። ጠንካራው ከተሰነጣጠቀ ስልኩን ግማሽ ሜትር አርቁት። ሁለቱ በአንድ ልክ የሚሰሙ ከሆነ ስልኩ ድምፁን በራሱ እያስተካከለ ነው፤ ለሳምንታት የሠራችሁበት የጠንካራና የለስላሳ ልዩነት ይጠፋል። በካሜራው ወይም በሌላ መቅጃ አፕ ውስጥ ድምፅን በእጅ የማስተካከያ ቦታ ካለ ተጠቀሙበት፤ ካልተገኘ የተለየ መቅጃ ተዋሱ። በተለየ መቅጃ ስትቀዱ ጠንካራው ቦታ ከቀነስ 12 እስከ ቀነስ 6 ዴሲቤል ይድረስ፤ ዜሮን እንዳይነካ። ምስሉንና ድምፁን ለማገጣጠም መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ። ይህ ዓይነት ማገጣጠም በደንቡ የተፈቀደ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

7. ቅዱ

ቀለል ያለ፣ ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። አምባርና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፤ ሴራሚክ ላይ የሚያንኳኳ ጫማም ይቀየር። ስም መናገር በደንቡ ካልተጠየቀ አትናገሩ። ስልኩን ሌላ ሰው ያስጀምር፣ ከዚያ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ። ሦስት ሰከንድ ጸጥታ፣ ሙዚቃው፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ አምስት ሰከንድ ሳትንቀሳቀሱ። የመጨረሻው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ገና ሳይጠፋ ቀስት ያወረደና ስልኩን ለመዝጋት የሮጠ ተጫዋች ብዙ ነው፤ ዳኛው ያንን ያያል።

በቀን ከሦስት ሙሉ ቅጂ አትለፉ። አራተኛው ላይ ጣት ይደክማል፣ ቅኝት ይወርዳል፣ ልጁም ተስፋ ይቆርጣል። ሌላ ቀን ይቀጥላል፤ 10 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ ያልነው ለዚህ ነው። ወላጆች፦ ልጁ ሲሳሳት ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ቢቻል ሌላ ክፍል ሁኑ።

8. አንዱን ምረጡ

በዚያው ቀን አትምረጡ። በማግሥቱ መጀመሪያ ምስሉን ሳታዩ በኤርፎን ብቻ ስሙ፤ ቀጥሎ ድምፁን ዘግታችሁ ምስሉን ብቻ እዩ። ዓይን ጆሮን ያታልላልና ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። አንድ ድምፅ የተሳሳተበት ግን ሙዚቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈስበት ቅጂ፣ ስህተት ከሌለውና በፍርሃት ከተጫወቱት ቅጂ ይሻላል።

መቁረጥ የሚቻለው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ነው። ሁለት ቅጂ መቀጠል፣ ኢኮ መጨመር፣ ቅኝት በአፕ ማስተካከል ከውድድር ያሰርዛል።

9. ቪዲዮውን ጫኑ

ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በገመድ አስተላልፉ። በቴሌግራም ከላካችሁ በ«ፋይል» መልክ ይሁን፤ እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ጨምቆ ጥራቱን ያወርደዋል። የ1 ጊጋባይት ፋይል በ2 ሜጋቢት የመጫን ፍጥነት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት ሌሊት፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ጫኑ። መብራት ቢጠፋ ዋይፋዩ ስለሚቋረጥ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ዳታ በተጠባባቂነት ይኑራችሁ።

ዩቲዩብ ላይ ከሆነ «አንሊስትድ» (ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያየው) የሚለውን ምረጡ። «ፕራይቬት» ካላችሁት ከእናንተና በኢሜይል ከጋበዛችሁት ሰው በቀር ማንም አይከፍተውም። ሊንኩን ኢሜይላችሁ ባልገባበት በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። ውጤት እስኪወጣ ድረስ ቪዲዮውን አታጥፉ፣ ርዕሱንም አትቀይሩ።

10. የድጋፍ ደብዳቤና ቀሪ ወረቀቶች

አስተማሪያችሁን ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቁ። የፕሮግራሙን ዝርዝር፣ የመዝጊያውን ቀንና ደብዳቤው የሚላክበትን አድራሻ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ብዙውን ጊዜ ደብዳቤው በቀጥታ ከአስተማሪው ኢሜይል ይጠበቃል፤ አዘጋጆቹ የላኩለት መልእክት ስፓም ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር እንዲያይ አስታውሱት። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ ገጽ መኖሩን ፈልጉ።

ስለራሳችሁ የምትጽፉት ጽሑፍ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሙዚቃ እወዳለሁ» ቦታ ይፈጃል እንጂ ምንም አይናገርም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትለማመዱ፣ ከማን ጋር፣ አሁን ምን እየሠራችሁ እንደሆነና እዚህ ያላገኛችሁት ምን እንደሆነ ጻፉ።

11. በሰዓታችን አስልታችሁ ላኩ

«23:59» ሲባል የማን ሰዓት እንደሆነ እዩ። በአውሮፓ ክረምት የለንደን 23:59 ለእኛ ሌሊት 8:59 ነው፤ የበርሊን ወይም የቪየና ደግሞ ሌሊት 7:59። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ለሁለቱም ከእኛ ላይ አንድ ሰዓት ይቀደማል፤ ለንደን ሌሊት 7:59፣ በርሊን ሌሊት 6:59 ይሆናል። ይህን ካሰላችሁ በኋላም ከሦስት ቀን በፊት ላኩ፤ በመጨረሻው ሌሊት መብራትም ኔትወርክም አይታመንም። የማረጋገጫው ኢሜይል ሲመጣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ጻፉላቸው።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

- ሁለት ዓመት ያለፈው የኮንሰርት ቪዲዮ መላክ። ጭብጨባው ደስ ቢልም ብዙ ደንቦች የቅርብ ጊዜ ቅጂ ይጠይቃሉ።
- በቀረጻው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት መለማመድ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ማሟሟቅ ይበቃል።
- በቃል መጫወት ግዴታ ሆኖ ሳለ ኖታውን ከካሜራው ውጪ ማስቀመጥ። ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ይታያል።
- አንድን ቪዲዮ ሳይስተካከል ለሦስት ውድድር መላክ። የርዝመት ገደባቸውና የሥራ ዝርዝራቸው ይለያያል።

ሁለተኛው ዙር በዙም ከሆነ

ዙም የተሠራው ለንግግር ነው፤ ረጅም የቫዮሊን ድምፅን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሚዩዚሽያንስ» የሚለውን አብሩ፤ ስብሰባው ከተጀመረም በኋላ ከላይ ጥግ መብራቱን እዩ። ከቀጠሮው በፊት ከሌላ ከተማ ካለ ሰው ጋር ሞክሩት፤ ለስላሳውን ቦታ ተጫወቱለትና እየተቆራረጠ ይሰማው እንደሆነ ጠይቁት። ቫዮሊን፣ ትርፍ ክር፣ ኖታና ትንሿ ሮዚን ሳትቀር ሁሉም እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ዳኞቹ ከፕሮግራሙ ውስጥ የፈለጉትን ክፍል ከመሃል ጀምሩ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከማንኛውም ገጽ መጀመርን ከሳምንት በፊት ተለማመዱ።